ከካሚዮን ፊት የሄዱት ሰው

ሰሞኑን ቡሬ ገበያ ዳር ጠላ ቤት ተቀምጬ አንድ የካሚዮን ሾፌር ስለ መንገድ ሲያማርር ስሰማ ነው የአያ ቢያድግልኝን መሞት ያወቅኩት። ሰውየው ስማቸውን አልጠራም፤ አያውቃቸውምም። ያወራ የነበረው ስለ ራሱ ችግር ነው። ከፍኖተ ሰላም በጠዋት ተነስቶ ረፋዱ ላይ ቡሬ መግባት ሲገባው፣ ፊት ለፊቱ ሬሳ ገብቶበት ግማሽ ቀን ሲያዘግም ዋለ። ሬሳው ደግሞ እንደ ሰው ሬሳ ዳር ይዞ የሚሄድ አልነበረም። መሀል መንገዱን ይዟል፤ ከፊቱም ጭነት የሌላቸው በቅሎዎች ተሰልፈዋል። ሾፌሩ ጡሩንባ ቢነፋ የሚሰማው ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ "ወረፋህን ጠብቅ ልጄ፤ እኒህ ሰው ከካሚዮን ኋላ ሄደው አያውቁም" አሉት።

የያዝኩትን ዋንጫ አስቀመጥኩ። በቅሎ ከፊት፣ ካሚዮን ከኋላ። በዚህ አገር በዚህ ወግ የሚቀበር አንድ ሰው ብቻ ነው።

አዘንኩ። ግን ከሀዘኑ ቀድሞ ሳቅ መጣብኝ፣ ልይዘውም አልቻልኩም። ሾፌሩ በሰው ሞት የምስቅ እብድ መስዬው ወንበሩን ትንሽ ራቅ አደረገ። እንዳይሸሸኝ ጠላ አስቀዳሁለትና ሰውየው ማን እንደነበሩ ነገርኩት። ለእሱ የነገርኩትን ነው አሁን የምጽፈው።

አያ ቢያድግልኝ የሲራራ አለቃ ነበሩ። ጨው፣ በርበሬና ቡና በበቅሎ ጭነው፣ ጫኞቻቸውን አስከትለው፣ ከወጀት ቡሬ፣ ከቡሬ ወጀት ሲመላለሱ ኖረዋል። ወጀት ያልኩት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላትን ከተማ ነው፤ ያኔ ይህ ስም አልወጣላትም። አጭር ሰው ነበሩ፤ ጢማቸውን ቅቤ የሚቀቡ፣ አንድ ጎኑ የተጣፈ ጥቁር ጃንጥላ በፀሐይም በዝናብም የማይለያቸው። በቅሎ እያላቸው በበቅሎ አይቀመጡም ነበር። ለምን ቢሏቸው፣ "ተቀምጬ ከሄድኩማ ቁመቴን ማን ያያል?" ይላሉ። ኩሩ ነበሩ፤ ኩራታቸውን መደበቅም አይወዱም። ቡሬ ሲገቡ ገበያው እንዲያያቸው ከከተማው አፍ ላይ ቆመው እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ጢማቸውን ያቃናሉ፣ ከዚያ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይገባሉ። ሰው ሰላም ከማለታቸው በፊት በየደጁ የታሰረውን በቅሎ ሰላም ይላሉ። የአንድ ሰው ስም ይረሱና የበቅሎውን ስም ያስታውሳሉ። "ባለ ዳማዋ እንዴት ናት እናትህ?" ሲሉ ሰው የሚቀየማቸው አልነበረም።

እኔ ያኔ አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ጎረምሳ ነበርኩ። ፊደል ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ፣ በራሴ ጊዜ ግጥም ቢጤ መጫር ጀምሬያለሁ። ሥራ ፍለጋ ስሄድባቸው ጭነት ማንሳት ትችላለህ ወይ ብለው አልጠየቁኝም። "ማንጎራጎር ትችላለህ?" ነው ያሉኝ። እችላለሁ አልኩ። "እንግዲያው ና። ሰው ዝም ሲል በቅሎዎቹ ነገር ያለ ይመስላቸዋል።" በዚህ ተቀጠርኩ።

የሲራራው ንግሥት ሙሽራ የምትባል በቅሎ ነበረች። አንገቷ ላይ ቀይ ክርና ትልቅ ቃጭል አለ፤ ቃጭሉ ሲያቃጭል ሌሎቹ በቅሎዎች ተከትለው ይሄዳሉ፤ ዝም ሲል ይቆማሉ። አያ ቢያድግልኝ ከእሷ ጋር እንደ ባልና ሚስት ይጨቃጨቁ ነበር። እሷ ወደ ሣር ስታዘነብል፣ "አሁን በላሽ፣ አሁን!" ይሏታል፤ እሷ ጆሮዋን ወደ ኋላ ታደርጋለች፤ እሳቸው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ባለቤታቸው እቴ ማንጠግቦሽ፣ ረዥም፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩ ግን ቃላቸው የሚቆርጥ ሴት፣ ይህን ያዩና፣ "እኔን እንዲህ ለምነውኝ አያውቁም" ይላሉ። "አንቺን ጭኜሽ አላውቅማ" ይመልሳሉ እሳቸው።

ስለ ሲራራ አንድ ወግ መናገር አለብኝ፤ የኋላው ነገር ሁሉ ከእሱ ነውና። መንገድ ላይ የአንዱ ጭነት ቢወድቅ፣ ከኋላ የደረሰው ሲራራ የማንም ይሁን የማን አያልፈውም። ቆሞ ያነሳል። መጀመሪያ ጭነቱን አራግፎ ደረቅ ቦታ ይከምራል፤ ከብት ከነጭነቱ አይነሳም። ባለቤቱ ደግሞ ከክምሩ ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ ምንም እንዳልጎደለበት ራሱም ሰውም ያይ ዘንድ። ጭነቱ ተነስቶ ሲያልቅ ያነሳው ሰው እስከሚቀጥለው ሰፈር ፊት ይመራል፤ የተነሳለት ከኋላ ይከተላል። ኬላ ላይ ሲደርሱም የተነሳለት፣ "ከኔ ጋር ናቸው" ብሎ ያሳልፋል። ይህ የተጻፈ ሕግ አይደለም፤ ግን ያፈረሰው ሰው ቡሬ ገበያ ላይ ሰላም የሚለው አያገኝም።

ጣሊያን ሲመጣ አርበኛው ጫካ ገባ፣ ሶላቶው ምሽግ ገባ፣ በመሀል መንገዱ ቀረ። ጣሊያን ደግሞ መንገድ ይወድ ነበር። ድንጋይ አስፈልጦ፣ ኮረብታ አስቆርጦ፣ ለካሚዮን የሚሆን ጥርጊያ አወጣ። የሚገርመው፣ ሲያወጣው ከሲራራው ጥንታዊ መንገድ ላይ ነው ያወጣው፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ በቅሎ የተመላለሰበትን ዱካ በጠጠር ሸፈነው። ወንዙም ላይ ድልድይ ሠራ። አያ ቢያድግልኝ ድልድዩ ሲሠራ ቆመው እያዩ በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። ለሙሽራ የተሠራ መሰላቸው። "በክረምት እግርሽ ውሃ ሊነካው አይደለም" እያሉ ይነግሯት ነበር።

ከዚያ አዋጁ መጣ። ገበያ መሀል ከበሮ ተመታና አንድ ቀጭን፣ ጉንፋን የማይለቀው አስተርጓሚ ሳጥን ላይ ወጥቶ አነበበ። የመንግሥት መንገድ የካሚዮን ነው። ኮቴ ያለው ከብት ሁሉ መንገዱን እንዳይረግጥ፣ ድልድዩንም እንዳያልፍ፤ ኮቴ ጠጠሩን ያፈርሳል። ጭነት ያለው ነጋዴ ወደ ጣቢያው አምጥቶ በካሚዮን ያስጭን። ሲረግጥ የተገኘ ከብት የመንግሥት ጋጣ ይገባል።

አያ ቢያድግልኝ ጃንጥላቸውን አነሱ፤ ጥያቄ ሲኖራቸው እንደ እጅ የሚያነሱት እሱን ነበር።

"ካሚዮኑ የት ነው ጌታው?"

"ታዟል። ይመጣል" አለ አስተርጓሚው አፍንጫውን እየጠረገ።

"እስኪመጣ ጨዋችን ምን ይሁን?"

"ይጠብቃል።"

"ጨውስ ይጠብቅ፤ ወጡም ይጠብቃል ወይ?"

ገበያው ሳቀ። አስተርጓሚውም ሊስቅ ሲል አስነጠሰው። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ካሚዮኖቹ የሚበቁት ለምሽጉ ስንቅ ብቻ ነው፤ የኛን በርበሬ የሚጭን ቦታ የላቸውም። አዋጁ የሌለ ካሚዮን ላይ ጫኑ የሚል ነበር። በበጋው መንገዱን ትተን ዳር ዳሩን፣ በእሾህና በእርሻ መሀል፣ ወንዙንም በመሻገሪያው እያቋረጥን ሄድን። በክረምት መሻገሪያው ይሞላል። ያኔ ከድልድዩ በቀር መንገድ የለም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ሙሽራ ተያዘች። ጥፋቱ የእሷም የማንም አልነበረም። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ እኛ ወደ መሻገሪያው ስንታጠፍ እሷ አልታጠፈችም። እንደ ልማዷ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በሄደችበት፣ ቀጥ ብላ ጠጠሩን ረግጣ ወጣች። መንገዳቸው የተሠራው በእሷ መንገድ ላይ እንደሆነ እንዴት ብለን እንንገራቸው? ድልድዩ ኬላ ላይ ያሉት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩት ወታደሮች፣ ጭነቷን አራግፈው ለኛ ጣሉልን፣ ቃጭሏም እየጮኸ ስላስቸገራቸው ከአንገቷ ፈተው ወረወሩልን፣ እሷን ወደ ጋጣ ነዷት። ዞራ አየችን። አያ ቢያድግልኝ መሬት ላይ የወደቀውን ቃጭል አንስተው በጋቢያቸው ጠረጉት።

ከዚያ ወዲህ በየጉዟችን ኬላው ጋ ቆመው ይለምናሉ፤ አስካሪዎቹ ይመልሷቸዋል። የመንግሥት በቅሎዎች በቅርቡ ወደ ተራራ ጦር ይሄዳሉ ተብሎ ይወራ ነበር፤ ከሄደች አትመለስም። ቤት ውስጥ ምግብ አልበላ አላቸው። እቴ ማንጠግቦሽ፣ "እኔ ተወስጄ ቢሆን እንዲህ ይሆኑ ነበር?" ቢሏቸው፣ "አንቺማ አፍ አለሽ፤ ራስሽ ትመለሻለሽ" አሉ። እቴ ማንጠግቦሽ በዚህ አልተቀየሙም። ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ሳቁ።

ሌላም ችግር መጣ። በቅሎዎቹ ያለ ቃጭሉ ንቅንቅ አልል አሉ። ሌላዋ በቅሎ ላይ ብናስረው ወዴት እንደምትሄድ አላወቀችም። አያ ቢያድግልኝ ቃጭሉን ወሰዱና ራሳቸው አንገት ላይ አሰሩት። ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ጢማቸውን አቃንተው፣ እያቃጨሉ ፊት ፊት ሄዱ፤ በቅሎዎቹ ተከተሏቸው። ልጆች በየመንደሩ እየሮጡ ወጥተው ሲስቁባቸው፣ ይበልጥ ደረታቸውን ነፍተው አቃጨሉ። "ሳቁ፣ ሳቁ" ይሏቸዋል፤ "የናንተን አባት የሚከተለው ማን አለ?"

የክረምቱ መሀል ነበር። ጨው ጭነን ወደ ቡሬ፣ መሻገሪያው ጎደል ቢልልን ብለን፣ በዳር በዳሩ ስንሄድ ከማንኩሳ ወዲያ ጥርጊያው ላይ አንድ ካሚዮን ሆዱ ድረስ መረሬ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ አገኘን። አብሮት የነበረው አስካሪ እርዳታ ሊጠራ በእግሩ ወደ ኬላው ሄዷል፤ ሾፌሩ ብቻውን ነው። ወፍራም፣ ቀይ፣ ጭቃ ከእግር እስከ ራሱ የለበሰ ጣሊያን። ጠመንጃውን ታቅፎ አየን። ከካሚዮኑ ጎን ዝናቡ ነጭ ውሃ ያወርዳል፤ የጫነው ዱቄት ነው።

ዘለቀ የሚባል ባልደረባዬ፣ ወንድሙ ጫካ የነበረ፣ ምራቁን ጢቅ አደረገ። "ይበስብስ" አለ።

"የወደቀ ጭነት ነው" አሉ አያ ቢያድግልኝ።

"የጣሊያን ነው እኮ አያ!"

"ዱቄት ነው። ዱቄት መቼ ጣሊያን ሆኖ ያውቃል? አራግፉ።"

ይህን ብለው ወደ ካሚዮኑ ሄዱ። ፊቱ ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ሁለቱን መብራቶች የበቅሎ ዓይን እንደሚያዩ አዩ፣ አፍንጫውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። እኛም ወጉ እንደሚያዘው ከኋላ ወጥተን ጆንያዎቹን መሸከም ጀመርን።

እስቲ አስቡት። ጫካው በአርበኛ በተሞላበት ዘመን፣ ብቻውን የቀረ ጣሊያን ሾፌር፣ ያገሬው ሰው ድንገት መጥቶ ምንም ሳይናገር ጭነቱን እያወረደ ሲወስድ። ጮኸ። እጁን አወናጨፈ። ጠመንጃውን አቀባብሎ አነጣጠረብን። ሁላችንም ጆንያ በጫንቃችን እንደያዝን ደርቀን ቀረን። ዘለቀ በቀስታ እጁን ወደ ጎራዴው ሰደደ። አንዱ ቢነቃነቅ ሰው ይሞት ነበር።

አያ ቢያድግልኝ እያቃጨሉ መጡ። ጠመንጃውን ያላዩ መስለው የሾፌሩን እጅጌ ያዙና ወደ ክምሩ ወሰዱት። ከጆንያዎቹ ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ያንን በሕይወታቸው ለማንም ሰጥተው የማያውቁትን ጃንጥላ ዘርግተው እጁ ላይ አደረጉለት።

"ተቀመጥ። ባለቤቱ አንተ ነህ። እየቆጠርክ ተቀመጥ" አሉት በአማርኛ።

ሰውየው ቃሉን አልሰማም። ግን ሽማግሌውን አየ፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ቃጭል አየ፣ የሚወርዱት ጆንያዎች እንዳይርሱ እግሩ ሥር ተደርድረው ሲከመሩ አየ። ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋደመው። ባንድ እጁ ጠመንጃ፣ ባንድ እጁ የተጣፈ ጃንጥላ ይዞ፣ ዱቄት ክምር ላይ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። በኋላ ራሱ መሳቅ ጀመረ። ዘለቀ እንኳ ሳያስበው ሳቀና፣ መሳቁ አናዶት ፊቱን አዞረ።

ካሚዮኑ ሲቀልል ጠፍሮቻችንን ሁሉ ቀጣጥለን አሰርንበት፣ በቅሎዎቹን ጠመድን፣ ሰውም በቅሎም ጎተተ። እኔ አንጎራጎርኩ፣ እሳቸው ቃጭሉን አቃጨሉ። ከጭቃው ውስጥ እንደሚጠባ የማር እንጀራ ድምፅ አውጥቶ ካሚዮኑ ተነሳ። ሾፌሩ ዘሎ ወርዶ አያ ቢያድግልኝን ጉንጫቸውን ሳመ፤ ቅቤ የተቀባ ጢማቸው ዱቄት በዱቄት ሆነ። ዮሴፍ የሚል ስም ሰጠነው፤ የራሱ ስም እንደዚያ የሚል ነገር ነበረበት።

መልሰን ጫንንለት። ሞተሩን አስነሳ፣ ጡሩንባውን ነፋ፣ ሊያልፈን ነው። አያ ቢያድግልኝ መሀል ጥርጊያው ላይ ቆመው እጃቸውን አነሱ። ራሳቸውን አሳዩት፣ ከዚያ በቅሎዎቹን፣ ከዚያ ፊት። ካሚዮኑን አሳዩት፣ ከዚያ ኋላ። ዮሴፍ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ አሰበ። ሲያስብ ወርዶ የአንዷን በቅሎ የሆድ ማሰሪያ ጣቱን አስገብቶ ጥብቀቱን አየ፣ ቸኩለን ስንጠምዳት የላላውን አጠበቀላት። ያኔ ገባኝ፤ ይህ ሰው አገሩ በቅሎ ያውቃል። ተመልሶ ወጣ፣ ጡሩንባውን ተወ፣ ከኋላችን በቀስታ ተከተለን። ኮቴ በተከለከለበት ጠጠር ላይ፣ መሀል ለመሀል፣ እያቃጨልን ሄድን። እኔም እዚያው ይህን ገጠምኩ፦

ፊት ፊት እየሄደች የቢያድግልኝ በቅሎ፣
ካሚዮን ተከተለ ጡሩንባውን ጥሎ።

አያ ቢያድግልኝ ሰሙኝና፣ "በቅሎዋ መች ከፊት አለች" አሉ። ሙሽራን ማለታቸው ነው። ፊታቸውን ሳይ ከዚያ ሁሉ ሳቅ ኋላ ምን እያሰቡ እንደመጡ አወቅኩ።

ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ ኬላው ተንጫጫ። አስካሪዎቹ ጠመንጃ ይዘው ወጡ፤ የኬላው አዛዥ፣ መነጽር ያደረገ ጣሊያን ካፒቴንም፣ ካፖርቱን ደርቦ ወጣ፤ አስተርጓሚው እያስነጠሰ ተከተለው። ማን ፈቀደላችሁ ተባልን። አያ ቢያድግልኝ እጅ ነሱና ወደ ኋላ አመለከቱ፤ የሚጠየቀው እሱ ነው። ዮሴፍ አንገቱን አውጥቶ፣ በኋላ አስተርጓሚው እንደነገረን፣ "ከኔ ጋር ናቸው" አለ። ወጋችንን ሳይነግሩት አለው። ከዚያ ወርዶ በሁለት እጁ ሁሉን አሳየ፤ ጭቃው እስከየት እንደነበር፣ ጆንያው እንዴት እንደወረደ፣ ጃንጥላውን እንዴት እንደያዘ። ካፒቴኑ ዱቄቱን በዓይኑ አየ። ቡሬ ያለው ምሽግ ዳቦ ካየ ሰንብቷል፤ ሌሎቹ ካሚዮኖች በየጭቃው ቀርተዋል።

"ይለፉ፤ ቶሎ ይለፉና ካሚዮኑን አሳልፉ" ተባለ።

በቅሎዎቹ አልተነቃነቁም። ድልድዩን አፍነው ቆመው ቀሩ። አስካሪዎቹ ገፏቸው፤ አንዷ የአንዱን ባርኔጣ በእግሯ ወንዝ ከተተችለት። ካሚዮኑ ከኋላ ይንተከተካል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ካፒቴኑ መነጽሩን ይወለውላል።

"ምን ሆነው ነው?" አለ አስተርጓሚው።

"መሪያቸው የለችም ጌታው" አሉ አያ ቢያድግልኝ። ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበዋል። "ያለ እሷ ድልድይ አያልፉም።"

"የት አለች?"

"እናንተ ጋ ታስራለች። መንገድ ረግጣ።"

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ነፋስ ጋቢያቸውን ገለጥ ሲያደርገው አየሁ፤ እጃቸው ደረታቸው ላይ ሆኖ የቃጭሉን ምላስ ጨብጦ ይዞታል። አንድ ጊዜ ቢያቃጭሉት በቅሎዎቹ ይሻገሩ ነበር። አዩኝ። አየኋቸው። ማንጎራጎሬን አቆምኩ፣ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመርኩ።

ካፒቴኑ ለረዥም ጊዜ ሽማግሌውን ተመለከተ። ያውቅ ይሆን? አንዳንድ ጊዜ ያወቀ ይመስለኛል። ብቻ እጁን ወደ ጋጣው ወረወረ፣ አንድ አስካሪም ሮጠ።

ሙሽራ መጣች። የመንግሥት ገብስ በልታ እንደ ቅል ድብልብል ብላለች። አያ ቢያድግልኝ ሲያዩዋት ዕንባቸው መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ተቆጡ። "እኔ እዚያ እህል አልወርድ ብሎኝ እሷ እዚህ ትወፍራለች!" ቃጭሉን ከአንገታቸው ፈትተው አንገቷ ላይ አሰሩላት፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አደረገች፤ ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ ድልድዩን ተሻገረች፣ በቅሎዎቹ ሁሉ እንደ ታቦት አጃቢ ተከተሏት፣ ከኋላ ካሚዮኑ።

በሚቀጥለው ገበያ ከበሮ ተመታ። አስተርጓሚው ሳጥኑ ላይ ወጥቶ አዲስ አዋጅ አነበበ፤ በክረምት ከመንግሥት ካሚዮን ፊት የሚሄዱ፣ ካሚዮን ሲወድቅ የሚያነሱ አጋሰሶች ከነጭነታቸው መንገዱንም ድልድዩንም ይለፉ። አያ ቢያድግልኝ እስኪሞቱ ድረስ ይህን አዋጅ እኔ ነኝ ያወጣሁት ይሉ ነበር፤ ዋሹ ማለት አልችልም።

ያገሬው ሰው አዋጁን ሲሰማ ምን እንዳደረገ የሚገመት ነው። ከዚያ በኋላ ቡሬ መሄድ የፈለገ ሁሉ ካሚዮን መጠበቅ ጀመረ፤ ሊሳፈርበት ሳይሆን ሊቀድመው። የካሚዮን ድምፅ ሲሰማ ከየመንደሩ በርበሬ የጫነ፣ ቅቤ የጫነ፣ ምንም ያልጫነ ሁሉ ወጥቶ ፊቱ ይሰለፋል። አንዲት አሮጊት በግ ይዘው ሲመጡ አስካሪው በግ ካሚዮን ያነሳል ወይ ቢላቸው፣ "ገና አልሞከርነውም" አሉት። አንድ ጊዜ ሰርገኛ እየዘፈነ ከፊት ሄዶ ዮሴፍ ጡሩንባውን ከዘፈኑ ጋር እየነፋ ቡሬ ገባ። በፈጣን ካሚዮን አገሩን ሊያገናኝ የታቀደው መንገድ በበቅሎ ርምጃ ይሄድ ጀመር። በጋ ሲገባ አዋጁ ለክረምት ነው ተብለን ኬላ ላይ ተያዝን። አያ ቢያድግልኝ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጃንጥላቸውን ዘረጉና፣ "እኔ ላይ እየዘነበ ነው" አሉ። አስተርጓሚው ሰማዩን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ አስነጠሰው፣ ክንዱንም ወደ ድልድዩ ዘረጋ።

ከጨው ጭነቶቻችን መሀል ጨው ያልሆነ ከባድ ነገር አብሮ ያልፍ እንደነበር ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ዘለቀ ማኩረፉን የተወው ለካ ለዚህ ነበር። ጣሊያን ከራሱ ካሚዮን ፊት፣ በራሱ ድልድይ፣ ለጫካው የምንወስደውን አሳለፈልን። ስለዚህ ነገር አያ ቢያድግልኝን ብጠይቃቸው፣ "እኔ ጭነት እጭናለሁ እንጂ አላሸትም" አሉኝ።

ሙሽራ ከነፃነት በኋላ በእርጅና ሞተች፤ እኔም እግሬ አላስቀምጥ ብሎኝ ከሲራራው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያየኋቸው ጥቂት ጊዜ ነው። በየጊዜው የማስበው ግን ያንን ጨብጠው የያዙትን ቃጭል ነበር። ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም፣ እቴ ማንጠግቦሽ እንኳ አያውቁም እያልኩ፣ በዚያ እኮራ ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግረው ሾፌሩ ጠላውን ረስቶ አፉን ከፍቶ ይሰማኝ ነበር። ስጨርስ ግንባሩን በመዳፉ መታ።

"ቆይ፣ ድልድዩ!" አለኝ። "ድልድዩ ላይ የሆነውን ነግሬሃለሁ?"

አልነገርከኝም አልኩት።

"ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርሱ በቅሎዎቹ ቆሙ። ሬሳውም ቆመ፣ እኔም ቆምኩ፣ ከኔ ኋላ ሌላ ሁለት ካሚዮን። ምንድን ነው ብዬ ወርጄ ወደ ፊት ሄድኩ። ከበቅሎዎቹ ፊት አንዲት ረዥም አሮጊት ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። አንገታቸው ላይ ቃጭል አለ። ቀስ ብለው ወንዙን ያያሉ፣ ወደ ኋላ ዞረው ካሚዮኖቹን ያያሉ፣ ደግሞ ወንዙን ያያሉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ቀረብ ብዬ ባይ..."

"ባይ?"

"እየሳቁ ነው። የቃጭሉን ምላስ በእጃቸው ጨብጠውታል።"